480 ቀን፦ የስዊድን የወላጅነት መድን በተጠቃሚ ዓይን

ሁለተኛዋ ልጃችን በተወለደች በሦስተኛው ሳምንት፣ እርሷ ደረቴ ላይ ተኝታ ሳለ፣ በአንድ እጄ ስልኬን ይዤ የወላጅነት አበል ጠየቅሁ። የማኅበራዊ መድን መሥሪያ ቤቱ መተግበሪያ ማወቅ የፈለገው ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ከሥራ እንደምቀር፣ በሳምንት ስንት ቀን እንዲከፈለኝ እንደምፈልግና ክፍያው በየትኛው ደረጃ እንዲታሰብልኝ እንደመረጥሁ ብቻ ነበር። ስሜን፣ አድራሻዬንና የልጄን የልደት ቀን አስቀድሞ ያውቃል። ምን ያህል እንደተቸገርሁ፣ ቤቴ ውስጥ ምን እንዳለኝ፣ የሚረዳኝ ዘመድ ይኑር አይኑር የጠየቀኝ የለም። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ጉዳዬን ጨረስሁ።

ይህ ግምገማ የዚያ አገልግሎት ግምገማ ነው። ስለ አንድ መሥሪያ ቤት ቅልጥፍና ብቻ ብጽፍ ግን ዋናውን ነገር እስታለሁ፤ ምክንያቱም መተግበሪያው የሚጠይቃቸውም ሆኑ የማይጠይቃቸው ጥያቄዎች ከመቶ ዓመት በላይ በፈጀ ክርክር፣ ድርድርና አንዳንዴም በአንድ ድምፅ ልዩነት የተወሰኑ ናቸው። የስዊድን ማኅበራዊ ዋስትና በአንድ ሊቅ ተነድፎ በአንድ ጊዜ የቆመ ሕንፃ አይደለም፤ እያንዳንዱ ክፍል በሌላ ዘመን፣ በሌላ ተደራዳሪ፣ አንዳንዱም በተቃዋሚ እጅ የተጨመረበት ቤት ነው። ስለዚህ አገልግሎቱን የምመዝነው ከነታሪኩ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ምን እንደሚሰጥ ልግለጽ። ለአንድ ልጅ 480 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ አለ። አሳዳጊዎቹ ሁለት ከሆኑ እኩል ይካፈሉታልና ለእያንዳንዳቸው 240 ቀን ይደርሳቸዋል። ከ480ው ውስጥ 390ው የሚከፈለው በገቢ መጠን ሲሆን፣ ቀሪው 90 ቀን ለሁሉም እኩል በቀን 180 ክሮና ነው። ከእያንዳንዱ ወላጅ ድርሻ 90 ቀን ለሌላው ወላጅ አይተላለፍም፤ ሌላውን ግን አንዱ ለአንዱ መስጠት ይችላል፤ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ ወላጅ እስከ 45 ቀን ለአያት፣ ለአክስት ወይም ለወዳጅ ጭምር እንዲያስተላልፍ ተፈቅዷል። አንዱን ቀን በሙሉ፣ በግማሽ፣ በሩብ፣ ሲያሻም በስምንተኛ እየሸነሸኑ መውሰድ ይቻላል። ከዚህ ከ480ው ውጭ፣ ያልወለደው ሁለተኛው ወላጅ በልደቱ ሰሞን 10 የሚከፈልባቸው ቀኖች አሉት፤ ይህ ከ1980 ጀምሮ ያለ መብት ነው። ልጅ ሲታመም ደግሞ ለአንድ ልጅ በዓመት እስከ 120 ቀን የሚደርስ ሌላ አበል አለ። ስዊድኖች ይህን የመጨረሻውን በአጭሩ «ቫብ» ይሉታል፤ የልጆች ጉንፋን ስለሚበረታበት የፌብሩዋሪን ወር «ቫብሩዋሪ» ብለው ሰይመውታል፤ ቢሮ ውስጥ ግማሹ ወንበር ባዶ በሚሆንበት በዚያ ወር ቀልዱ ምን ማለት እንደሆነ ይገባል።

አሁን ወዳልተጠየቅሁት ጥያቄ ልመለስ። ድህነትን ማስረዳት ግዴታ የነበረበት ዘመን በስዊድን ሩቅ አይደለም። በገጠሩ ወላጅ የሞተባቸውን ልጆችና ጧሪ ያጡ አረጋውያንን በጨረታ የማስረከብ ልማድ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዘልቋል። ጨረታውን የሚያሸንፈው ብዙ የሚከፍል ሳይሆን፣ ከአካባቢው አስተዳደር ትንሹን ገንዘብ ተቀብሎ ሰውየውን ወይም ሕፃኑን ሊያኖር የተስማማ ገበሬ ነበር። ያን ልማድ ሕግ የከለከለው በ1918 ነው። በቋሚነት በድሃ መርጃ የሚኖር ሰው የመምረጥ መብቱን ያጣ ስለነበር፣ ሴቶችም ወንዶችም በእኩል በመረጡበት በ1921ዱ ምርጫ እንኳ እነዚህ ሰዎች በር ላይ ቀርተዋል፤ ገደቡ የተነሣው በ1945 ነው። እንግዲህ የዛሬው መተግበሪያ ስለ ችግሬ አለመጠየቁ ጨዋነት ብቻ አይደለም። እርዳታ መቀበል ዜግነትን የሚያጎድል ውርደት በነበረበት አገር፣ ያን ውርደት ከሥሩ ለመንቀል ሆን ተብሎ የተወሰደ አቋም ነው።

ለዚህ አቋም መጀመሪያ መንገድ የከፈተው ሕግ የ1913ቱ የጡረታ ሕግ ነው። አንድን የሠራተኛ ክፍል ሳይመርጥ ሕዝቡን በሙሉ በማካተት በዓለም ከቀደሙት ሕጎች አንዱ ሲሆን፣ የጡረታው ዕድሜ 67 ነበር፤ ገንዘቡ ግን እጅግ ትንሽ ነበር፤ ለሴቶች ደግሞ ከወንዶች ያነሰ ነበር። በ1889 የተመሠረተው የሶሻል ዴሞክራቶች ፓርቲ ያን ጊዜ ገና ሥልጣን አልያዘም፤ ሕጉን ያወጣው በካርል ስታፍ የሚመራው የሊበራሎች መንግሥት ነበር። ይህን የማነሣው ሥርዓቱን በሙሉ ለአንድ ፓርቲ የሚሰጡ ሰዎች ስለሚበዙ ነው። ደጋፊዎቹም ነቃፊዎቹም በዚህ ይሳሳታሉ።

ፓርቲው ለሐሳቡ ስም ያገኘለት በ1928 ነው። ሊቀ መንበሩ ፔር አልቢን ሀንሶን በፓርላማ ባደረገው ንግግር አገርን ከጥሩ ቤት ጋር አመሳስሎ፣ በጥሩ ቤት ውስጥ የተለየ ልጅም የእንጀራ ልጅም የለም የሚል ሐሳብ አቀረበ። «የሕዝብ ቤት» የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ ከስዊድን ፖለቲካ አልወጣም። ለእኔ ይህ ምሳሌ ትርጓሜ አያስፈልገውም፤ የእንጀራ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ በአማርኛ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ንግግሩ ወዲያው ድል አላመጣም፤ በዚያው ዓመት በተካሄደው ምርጫ ፓርቲው መቀመጫ ተቀነሰበት። በ1931 በኦዳለን ሰልፍ በወጡ ሠራተኞች ላይ ወታደሮች ተኩሰው አምስት ሰዎች ሞቱ፤ በቀጣዩ ዓመት ሶሻል ዴሞክራቶቹ ምርጫውን አሸንፈው መንግሥት መሠረቱ፤ ነገር ግን አብላጫ ድምፅ አልነበራቸውም።

የ1933ቱ ስምምነት የመጣው ከዚህ እጥረት ነው፤ በእኔ ግምት ከንግግሩ ሁሉ የሚበልጠውም እርሱ ነው። የገበሬዎቹ ፓርቲ የእርሻ ምርት ዋጋ እንዲጠበቅለት ይፈልግ ነበር፤ ሶሻል ዴሞክራቶቹ ደግሞ ሥራ ላጡ ሰዎች መንግሥት ሥራ እንዲከፍትና ደመወዙ በገበያው ልክ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር። የከተማው ሠራተኛ ውድ ቅቤ ለመብላት፣ ገበሬው ደግሞ ለሥራ አጡ ደመወዝ ግብር ለመክፈል ተስማሙ። ጋዜጦች በንቀት «የላም ንግድ» አሉት። ንቀቱ አልፎ ስሙ ቀረ፤ ስዊድንም በጎረቤቶቿ የደረሰው አምባገነንነት ሳይደርስባት የ1930ዎቹን ችግር አለፈች። አምስት ዓመት ቆይቶ በ1938 የሠራተኛ ማኅበራትና የአሠሪዎች ማኅበር በሳልትሼባደን ተፈራርመው፣ ደመወዝን መንግሥት ሳይገባበት እርስ በርስ እየተደራደሩ የመወሰን ልማድ አቆሙ። ዛሬም በስዊድን በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ ያን የሚያደርገው የኅብረት ስምምነት ነው። ብዙ አሠሪዎች ከመንግሥቱ አበል በላይ ለወላጆች የሚጨምሩት ክፍያ የሚመጣውም ከዚሁ የኅብረት ስምምነት ስለሆነ፣ አገልግሎቱን ለመጠቀም የሚያስብ ሰው የሥራ ውሉን ጭምር ማንበብ ይኖርበታል።

በቀን 180 ክሮና የሚከፈልባቸውን 90 ቀኖች ሳይ የማስበው ጉስታቭ ሞለርን ነው። በማልሞ በድህነት ያደገው ይህ የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስትር የድሃ መርጃን ሽታ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ስለዚህም ችግርን እየመረመረ የሚሰጥ እርዳታን ይጠላ ነበር። ምርመራው መርማሪ ይፈልጋል፤ መርማሪ ደግሞ ደጃፍ ያንኳኳል። የሞለር መልስ ለሁሉም እኩል ገንዘብ ያለ ምርመራ መስጠት ነበር። ሐሳቡ በንጹሕ መልኩ የሚታየው በ1948 በተጀመረው የልጆች አበል ነው። ከዚያ በፊት ልጅ ያለው ሰው የሚያገኘው የግብር ቅናሽ ነበር፤ ቅናሹ ብዙ ግብር የሚከፍለውን ሀብታም ብዙ ጠቅሞ፣ ምንም የማይከፍለውን ድሃ ምንም አይጠቅምም ነበር። በምትኩ ለእያንዳንዱ ልጅ በዓመት 260 ክሮና ተወሰነ፤ የሚከፈለውም ለእናትየዋ ነበር። ያ አበል ዛሬም አለ፤ ከ2018 ጀምሮ ለአንድ ልጅ በወር 1,250 ክሮና ሲሆን ልጁ 16 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ይከፈላል። ማመልከቻ እንኳ የለውም። ልጅ ሲወለድ ሆስፒታሉ ያሳውቃል፣ ልጁ የግል መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ገንዘቡ ይመጣል። በ1947 የተጀመረው ያ ቁጥር ባይኖር ይህ ሁሉ ቅልጥፍና አይኖርም ነበር፤ ቁጥሩ የሌለው ሰው ምን እንደሚሆን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

«ለሀብታም ልጅ አበል መስጠት ምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ ከዚያን ጊዜ እስከ ዛሬ አልቆመም። እኔም እዚህ አገር እንደመጣሁ ጠይቄዋለሁ። መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ደመወዟ ከእኔ በእጥፍ የሚበልጥ መሐንዲስ ስትሆን፣ የወላጅነት አበል ስሌት ተለውጦ ሊቀነስባት ሲል ምሳ ሰዓቷን ሙሉ ስትከራከር ሰማኋት። የተማረ፣ አንደበት ያለው፣ ለፓርላማ አባል ደብዳቤ መጻፍ የሚችል ሰው በተመሳሳይ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚጠቀምበት አገልግሎት በቀላሉ አይበላሽም። ለድሃ ብቻ የተለየ አገልግሎት ግን ሲበላሽ የሚጮህለት የለውም። የዚህ መድን ትልቁ ብቃት ይህ ነው፤ ቀሪው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ሞለር ግን ሁሉንም አላሸነፈም። በ1946 ፔር አልቢን ሀንሶን በድንገት ሲሞት የፓርቲው መሪነት ለእርሱ ሳይሆን ለወጣቱ ታገ ኤርላንደር ሄደ፤ ኤርላንደርም 23 ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ቆየ። በ1955 ሁሉን አቀፍ የሕመም መድን ሥራ ሲጀምር አበሉ ለሁሉም እኩል ሳይሆን ከገቢ ጋር የተያያዘ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ መካከለኛው መደብ እያደገ ሄዷል፣ እኩል የሆነች ትንሽ አበል ለእርሱ አትበቃውም፤ ካልበቃችው ደግሞ የግል መድን ገዝቶ ከሰልፉ ይወጣል። በተመሳሳይ ስሌት የተነሣው የተጨማሪ ጡረታ ጉዳይ አገሩን ለዓመታት ከፈለው። በ1957 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፣ ሦስት አማራጭ ቀርቦ አንዱም ከግማሽ በላይ አላገኘም፤ በ1958 የፓርላማው ሁለተኛ ምክር ቤት ተበትኖ አዲስ ምርጫ ተካሄደ፤ በሜይ 1959 ሕጉ 115 ለ114 በሆነ ድምፅ አለፈ። ያ ሊሆን የቻለው ቱሬ ሼኒግሶን የሚባል ከጎተንበርግ የመጣ የሊበራሎች ተወካይ ድምፀ ተዓቅቦ ስላደረገ ነው። የመርከብ ግንባታ ሠራተኛ የነበረው ይህ ሰው የራሱን ፓርቲ አቋም ባይወደውም የሌላውንም አልደገፈም፤ ዝም አለ፤ ዝምታውም የአንድን አገር የእርጅና ዘመን ለአርባ ዓመት ወሰነ።

ስለዚህ የእኔ የ390 ቀን ክፍያ በገቢዬ መጠን የሆነው፣ የ90 ቀኑ ደግሞ ለሁሉም እኩል የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። በአንድ ቅጽ ላይ ሁለት ክርክሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

የወላጅነት መድን ራሱ የተወለደው በ1974 ነው። ከዚያ በፊት ከ1955 ጀምሮ የእናትነት መድን ነበር፤ ስሙ እንደሚለው ለእናት ብቻ። የለውጡን ስፋት ለመረዳት ሦስት ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። እስከ 1971 ድረስ ባልና ሚስት ግብር የሚከፍሉት ገቢያቸው ተደምሮ ስለነበር፣ የሚስት ደመወዝ የሚጀምረው የባል ካበቃበት ከፍተኛ የግብር እርከን ነበር፤ ሠርታ የምታመጣው ገንዘብ ብዙው ለግብር ይሄዳል። በ1971 እያንዳንዱ ሰው በራሱ ገቢ ብቻ ግብር መክፈል ጀመረ። ፋብሪካውም ሆስፒታሉም የሰው ኃይል ይፈልግ ነበር፤ ሴቶች በብዛት ወደ ሥራ ወጡ፤ ከዚያ «ሕፃኑን ማን ይይዛል?» የሚለው ጥያቄ የቤተሰብ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የአገር ጉዳይ ሆነ። የተሰጠው መልስ በዓለም የመጀመሪያው ነው፦ 180 ቀን፣ ከገቢ 90 በመቶ፣ ለእናትም ለአባትም። መድኑ በተጀመረበት በዚያ ዓመት ፓርላማው 175 ለ175 ተከፍሎ አንዳንድ ጉዳዮችን በዕጣ ይወስን እንደነበር ሳስብ፣ የኡሎፍ ፓልመ መንግሥት እንዲህ ያለ ለውጥ በሥራ ላይ ማዋሉ ያስገርመኛል።

ሕጉ እኩል ነበር፤ ሰዎቹ ግን አልነበሩም። በመጀመሪያው ዓመት አባቶች የወሰዱት ከቀኖቹ ሁሉ ግማሽ በመቶ ብቻ ነበር። በ1970ዎቹ ሌናርት ዳልግሬን የተባለ ግዙፍ የክብደት ማንሣት ስፖርተኛ ሕፃን አቅፎ የሚታይበት ማስታወቂያ አገሩን ሞላ፤ ሕፃን መያዝ ወንድነትን አይቀንስም ለማለት ነበር። ማስታወቂያው ዝነኛ ሆነ፤ ቁጥሩ ግን በዝግታ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ነገሩን የለወጠው ምክር ሳይሆን ደንብ ነው። ከ1995 ጀምሮ አንድ ወር ለእያንዳንዱ ወላጅ ተለይቶ ተቀመጠ፤ አባትየው ካልወሰደው ይቃጠላል። ይህን አጥብቆ የገፋው የሊበራሎቹ መሪ ቤንግት ቬስተርበሪ ነበር። በ2002 ሁለተኛው ወር፣ በ2016 ሦስተኛው ተጨመረ። ዛሬ ወንዶች የሚወስዱት ከቀኖቹ 30 በመቶ ገደማ ነው፤ ግማሽ አይደለም፤ ከግማሽ በመቶ ግን ሩቅ ነው። ስለ ራሴ ሐቁን ልናገር፦ ያ 90 ቀን የሚቃጠል ባይሆን ኖሮ ከሥራ ለመቅረት የምደፍር አይመስለኝም ነበር። አለቃዬን «ሕጉ ያስገድደኛል» ማለት «እፈልጋለሁ» ከማለት ይቀላል። ልጄ የመጀመሪያ እርምጃዋን የተራመደችው በእኔ ተራ ነበር።

እስከዚህ የተናገርሁት አብዛኛው ምስጋና ነው። የሕዝብ ቤት ግን ጓዳም ነበረው። «ጥሩ ቤት» ሲባል ማን ሊወልድበት እንደሚገባ የመወሰን ፍላጎት አብሮ መጣ፤ በ1934 በወጣው ሕግና ተከትሎት በመጣው ሌላ ሕግ መሠረት እስከ 1975 ድረስ ወደ 63,000 የሚጠጉ ሰዎች እንዳይወልዱ ተደረጉ፤ ከእነርሱ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ፈቃድ ሰጡ የተባሉት እንኳ ብዙዎቹ ከተቋም ለመውጣት ወይም እርዳታ ለማግኘት ሲሉ የፈረሙ ነበሩ። ለተጎጂዎቹ 175,000 ክሮና ካሣ የተፈቀደው በ1999 ነው። የወላጅነት አበልን ያህል ደግ አገልግሎት ሲመዘን ይህን መዝለል ነውር ይመስለኛል፤ ለልጅ እጅግ የሚጨነቅ መንግሥት ስለ ልጁ ዓይነትም መጨነቅ ሊጀምር እንደሚችል ያሳያልና።

የ1990ዎቹ ቀውስ አገልግሎቱ ዛሬ ያለውን መልክ ሰጠው። በሴፕቴምበር 1992 ማዕከላዊ ባንኩ የክሮናን ዋጋ ለመጠበቅ ወለዱን ወደ 500 በመቶ ሰቀለ፤ ሥራ አጥነቱ ከ1930ዎቹ ወዲህ ያልታየ ሆነ። የወላጅነት አበሉ ከ90 በመቶ ደረጃ በደረጃ ወርዶ በ1996 75 በመቶ ደረሰ፤ በ1998 ወደ 80 ተመለሰ። ተመለሰ ስል በሕጉ ላይ ነው፤ በተግባር ገቢው መጀመሪያ በ0.97 ተባዝቶ ከዚያ 80 በመቶው ስለሚወሰድ፣ እጅ የሚገባው ግብር ሳይቀነስ 77.6 በመቶ ነው። ይህን ትንሽ ማባዣ ለማወቅ የመጀመሪያ ክፍያዬን ሦስት ጊዜ ደምሬአለሁ። በ1959 በአንድ ድምፅ ያለፈው የጡረታ ሥርዓትም ሳይቀር በ1990ዎቹ በአምስት ፓርቲዎች ስምምነት በሌላ ተተካ። ነገር ግን መሠረቱ አልፈረሰም። ቀነሱት እንጂ ለድሃ ብቻ አላደረጉትም፤ የተቆረጠው ከሁሉም ላይ ነው፤ ችግሩ ሲያልፍ ወደ ላይ እንዲመለስ ያደረገው ያ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ። አንደኛው ውስብስብነቱ ነው። መድኑ የሚያሰላው «ኤስ ጌ ኢ» በሚባል የገቢ መሠረት ላይ ሲሆን፣ ልጁ አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ ሥራ የቀነሰ ወላጅ በሳምንት በቂ ቀን ካልወሰደ ያ መሠረት ሊወርድበት ይችላል። የወረደው መሠረት ደግሞ በኋላ ሲታመም የሚያገኘውን የሕመም አበል ጭምር ይነካል። ቀን ለመቆጠብ ብሎ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ብቻ የሚወስድ ወላጅ ሳያውቀው ራሱን ይጎዳል። ማብራሪያው በድረ ገጹ ላይ በብዙ ቋንቋ አለ፤ ነገር ግን ለማንበብ መኖሩን ማወቅ ይቀድማል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ የከበደው ነው። ቤቱ የተሠራው ቀድሞ ገብቶ ለተመዘገበና ለሠራ ሰው ነው። የመጀመሪያው ልጃችን ሲወለድ ባለቤቴ ሥራ ከጀመረች ገና ስድስት ወሯ ነበር። ሕጉ የመጀመሪያዎቹን 180 ቀኖች በገቢ መጠን ለመክፈል ከልደቱ በፊት ቢያንስ 240 ተከታታይ ቀን ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ላይ መቆየትን ይጠይቃል። ስለዚህ እርሷ ያገኘችው መነሻውን ክፍያ፣ በቀን 250 ክሮና ነበር፤ ወሩን ሙሉ ቢወሰድ 7,500 ክሮና ነው፣ እርሱም ግብር ይቆረጥበታል። በአንድ የማዋለጃ ክፍል ጎን ለጎን የተኙ ሁለት እናቶች አንዷ የሌላዋን ሦስት ወይም አራት እጥፍ ታገኛለች ማለት ነው። ልጆቻቸውን ይዘው ለሚመጡ ስደተኞች ደግሞ ከጁላይ 2017 ጀምሮ ቀኖቹ ተቀንሰዋል፤ ልጁ በሁለተኛው የዕድሜ ዓመቱ ከመጣ ለወላጆቹ 200 ቀን፣ ከዚያ በኋላ ከመጣ 100 ቀን ብቻ። ለውጡን የደገፉት፣ ረጅም ፈቃድ አዲስ የመጡ ሴቶችን ከቋንቋና ከሥራ ያርቃቸዋል የሚል ምክንያት አላቸው፤ ምክንያቱ ባዶ ነው አልልም። ነገር ግን የግል መለያ ቁጥሩን ገና እየጠበቀ ያለ ሰው ለዚህ ሁሉ ማሽን የማይታይ መሆኑን ካየሁ በኋላ፣ የእንጀራ ልጅ የለም የሚለው የ1928ቱ ቃል ሙሉ በሙሉ አልተፈጸመም ከማለት አልመለስም።

ስለ ጎረቤት አገልግሎቶችም አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሕክምናው በሕግ ልዩ ሐኪም ለማየት 90 ቀን፣ ሕክምና ለመጀመር ሌላ 90 ቀን የሚል ዋስትና አለው፤ እኔ በአንድ ክሊኒክ ለጆሮዬ ከዚያ በላይ ጠብቄአለሁ። ብዙ ሰው ጠብቋል። ይህ ራሱን የቻለ ግምገማ ይፈልጋል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ አገልግሎቱ ነጻ ነው የሚል ሰው የደመወዝ ወረቀቱን አላየም። የአካባቢና የክልል ግብር በአማካይ ከገቢ 32 በመቶ ገደማ ነው፤ አሠሪው ደግሞ በእያንዳንዱ ደመወዝ ላይ 31.42 በመቶ ይጨምራል፤ የወላጅነት መድኑ የሚከፈለው ከዚህኛው ነው። ወደ ሱቅ ሲኬድ በአብዛኛው ዕቃ ላይ 25 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ልጅ የሌለው ጓደኛዬ ለእኔ 480 ቀን እንደሚከፍል አልፎ አልፎ ያስታውሰኛል። እኔም አርጅቶ ሲጦር የሚከፍሉለት የእኔ ልጆች እንደሆኑ እመልስለታለሁ። ክርክራችን በቀልድ ያልቃል፤ ከሥሩ ያለው ስሌት ግን ቀልድ አይደለም፤ ሥርዓቱ የሚቆመው ብዙ ሰው ሲሠራ ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው ሁሉም ደንብ ሰውን ወደ ሥራ የሚገፋው።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አምስተኛውን የከለከልሁት ስለ 0.97ቷ ማባዣ ሳይሆን ስለ ማዋለጃ ክፍሉ ሁለት አልጋዎች ነው። በስዊድን የሚኖርና ልጅ የሚጠብቅ ሰው ግን ሦስት ነገር ባይዘነጋ ይጠቀማል፦ ከመውለዳችሁ በፊት የሥራ ቀኖቻችሁን ቁጠሩ፤ ልጁ አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል ስለ ገቢ መሠረታችሁ መሥሪያ ቤቱን ጠይቁ፤ አባቶች ደግሞ 90 ቀናችሁን እስከ መጨረሻው አታዘግዩት፤ ልጅ አራት ዓመት ከሞላው በኋላ ሊቆይ የሚችለው 96 ቀን ብቻ ነው፣ የተረፈው ይሰረዛል።

የእኛ ትልቁ ልጅ ባለፈው ዓመት አራት ሲሞላው መተግበሪያው የቀሩትን ቀኖች 96 ላይ ቆረጣቸው፤ አሥራ ሁለት ቀን ጠፋብን። ከተረፉት እስካሁን ሰባቱን ወስደናል፤ ሁሉንም መዋለ ሕፃናቱ ለመምህራን ስብሰባ በተዘጋባቸው ቀኖች።